የመጋቢቱ ወረቀት

(ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው በማኅበራችን የንግግር ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው ስለ ፈቀዱልን ቃሉን ሳንቀንስ አባዝተነዋል።)



ንግግሬ ስለ ቤዝቦል መሆኑ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ «ይህን ሰው ምን ነካው? እኛ የምናውቀው እግር ኳስና ሩጫ፤ ቤዝቦል ከኛ ጋር ምን አለው?» ማለታችሁን ሰምቻለሁ። አልተሳሳታችሁም። እኔም ጨዋታውን ላስተምር አልመጣሁም። የመጣሁት የዚያ ጨዋታ ወዳጆች በየዓመቱ ስለሚያደርጉት አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው፤ ይኸውም የቡድናቸው ዓመት እንዴት እንደሚያልቅ ገና ሳይጀመር መናገራቸው ነው። በዚሁም ነገር እኔ ራሴ እንዴት እንደ ተያዝሁ ዛሬ በፊታችሁ እናዘዛለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ጥቂት ላስረዳ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ወሮቹን ግን በኛው እናገራለሁ፤ ለጆሮ ይቀላልና። የአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ማኅበር 30 ቡድኖች አሉት፤ አንደኛው የካናዳ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከመጋቢት እስከ መስከረም ድረስ 162 ጊዜ ይጋጠማል። 162! በሳምንት ስድስት ቀን፥ አንዳንዴም ሰባቱንም ቀን ማለት ነው። በእግር ኳስ ታላቅ የተባለ ቡድን በዓመት አምስት ጊዜ ቢሸነፍ ደጋፊው ያኮርፋል። በቤዝቦል ግን የላቀው ቡድን ሃምሳና ስድሳ ጊዜ ይሸነፋል፤ መናኛ የተባለውም ስድሳ ጊዜ ያሸንፋል። ከዚህ ልክ ያለፈ ቢገኝ ለልጅ ልጅ የሚነገር ነው፤ በ2001 የሲያትል ቡድን 116 ጊዜ አሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ የቺካጎው ዋይት ሶክስ 121 ጊዜ ተሸነፈ።

እንግዲህ በዚህ ጨዋታ «ዘንድሮ እናሸንፋለን» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ሁሉም ያሸንፋልና፥ ሁሉም ይሸነፋልና። ጥያቄው «ከ162ቱ ስንቱን?» ነው። የቤዝቦል ወዳጅ ትንቢት አንድ ቁጥር ነው።

እኔ በዋሽንግተን ከተማ ማታ ማታ እየተማርሁ ቀን ቀን በአንድ ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር። በዚያች ከተማ ዘመድ ያላችሁ እንደምታውቁት የመኪና ማቆሚያው ሁሉ ግማሹ አማርኛ ይናገራል። እኛ ዘንድ አራት ነበርን፤ እኔ፥ አንድ የጎጃም ልጅ፥ ገንዘብ ተቀባይዋ የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ፥ እንዲሁም እዚያው ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ አንድ አዛውንት። አዛውንቱ የሁላችን አለቃ ነበሩ። ቤዝቦልንም ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው፤ በጠረጴዛቸው ላይ ሬድዮ ነበራቸው፥ ጨዋታ ባለበት ቀን እርሱ ሳይዘጋ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

የኚህን ሰው ነገር ለመረዳት የከተማይቱን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። የዋሽንግተን ቡድን ዋንጫ በልቶ የነበረው በ1924 ነው። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በ1960 መጨረሻ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። በምትኩ የተቋቋመው ደግሞ በ1971 መጨረሻ ወደ ቴክሳስ ተወሰደ። በዚያ ዓመት የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት አዛውንታችን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር በሜዳው ነበሩ። ቡድናቸው ኒውዮርክን 7 ለ 5 ይመራል፤ ጨዋታውም ሊያልቅ አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ቀርቷል። በዚህ ጊዜ ቡድኑን ተቀማሁ ብሎ የተቈጣው ሕዝብ ሜዳውን ወረረው። ጨዋታው ሊቀጥል ስላልቻለ ዳኞቹ ድሉን ለኒውዮርክ ፈረዱ። ከዚያም ለ33 ዓመት ከተማይቱ ቡድን አልነበራትም። በ2005 የሞንትሪያሉ ቡድን ወደዚያ መጥቶ ናሽናልስ ተባለ። እርሱም ቢሆን በ2012፥ በ2014፥ በ2016ና በ2017 የምድቡ አንደኛ እየሆነ በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ዙር ይወድቅ ነበር። አንድ ሰው በልጅነቱ ያሸነፈውን ጨዋታ በዓይኑ ፊት ከተነጠቀ «እርግጠኛ ነኝ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም። እርሳቸው ይስቁ ነበር።

በየዓመቱ በመጋቢት፥ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፥ አዛውንቱ አንድ የቡና ቆርቆሮ ከመሳቢያቸው ያወጣሉ። እያንዳንዳችን በቁራጭ ወረቀት ላይ ቡድናችን ስንት ጊዜ እንደሚያሸንፍ አንድ ቁጥር፥ አንድ ምክንያት፥ ቀኑንና ስማችንን ጽፈን እንከታለን። ቆርቆሮው የሚከፈተው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ነው። ከእውነቱ አብልጦ የራቀ ለሁላችን ምሳ ይገዛል። ሕጉ ይኸው ነው።

በ2019 መጋቢት የተጻፈውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። የጎጃሙ ልጅ 74 ብሎ ጻፈ፤ ምክንያቱም «ሃርፐር ሄዷል» የሚል ነበር። ብራይስ ሃርፐር የቡድኑ ዝነኛ መቺ ሲሆን ለ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ወደ ፊላደልፍያ የሄደው በዚያው ሰሞን ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ 92 ጻፈች። ሴትዮዋ በየዓመቱ የምትጽፈው 92 ነው፤ ምክንያትዋም ወደ ሥራ የምትመጣበት አውቶቡስ ቁጥር መሆኑ ነው። አዛውንቱ 85 አሉ። የርሳቸው አሠራር እንዲህ ነው፤ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ይወስዳሉ፤ እርሱም 82 ነበር። ከዚያም የ162ን እኩሌታ፥ ማለትም 81ን፥ ይወስዱና በሁለቱ መካከል ይቆማሉ። በላዩ ላይ አዲስ ስለ ገባው ኳስ ወርዋሪ ስለ ኮርቢን ሦስት ጨመሩ። እኔ ግን ስሌት አላበዛሁም። ሁዋን ሶቶ የሚባል ወጣት መቺ ነበረን፤ ገና 20 ዓመቱ ነበር። «ሶቶ ገና ያድጋል» ብዬ 90 ጻፍሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በቋንቋችን ምኞት፥ ግምትና ትንቢት የሚሉ ሦስት ቃላት አሉን፥ ሦስቱንም በአፋችን ስንናገር ግን አንለያቸውም። የኔ 90 ከሦስቱ የትኛው ነበር? በዚያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ግምት ነው እላችሁ ነበር። ዛሬ ግን ግማሹ ምኞት እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ቡድኑ ካላሸነፈ በዚያ ምድር ቤት ክረምቱ የሚገፋ አልነበረምና።

ጨዋታው ተጀመረ። በአምስተኛው ቀን ገደማ ሃርፐር የፊላደልፍያን ልብስ ለብሶ ወደ ዋሽንግተን መጣ። የገዛ ከተማው ሕዝብ ሲጮኽበት አመሸ፤ እርሱም ኳሷን ከሜዳ ውጭ አሻግሮ መታት፥ እነርሱም 8 ለ 2 አሸነፉ። የጎጃሙ ልጅ በማግሥቱ ሥራ ሲገባ የሠርግ ዘፈን እየዘፈነ ነው የገባው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ግንቦት 15 ቀን ቡድናችን በኒውዮርክ አራት ጊዜ በተከታታይ ተሸንፎ ሲመለስ ከ50 ጨዋታ ያሸነፈው 19ኙን ብቻ ነበር። ጋዜጦቹም ደጋፊዎቹም አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር ይሉ ነበር። እኔም ከሚሉት አንዱ ነበርሁ፤ ለዚህም ምስክር አለብኝ።

በማግሥቱ ወደ አዛውንቱ ሄጄ «ጋሼ፥ ቆርቆሮውን ይክፈቱልኝ፤ ወረቀቴን ልለውጥ» አልኋቸው። ጋሼ የሚለውን ቃል ከኛ ለምደውት ነበር፥ ይወዱታልም። «አይሆንም» አሉኝ። «ሁሉም ሰው እኮ ሐሳቡን ይለውጣል፤ አዲስ ነገር ሲያውቅ ሐሳቡን የማይለውጥ ሞኝ ነው» ብዬ ተከራከርሁ። በዩኒቨርሲቲ የተማርሁትን ሁሉ አመጣሁባቸው። ሰውዬው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፥ ሐሳብህን ለውጥ፤ ማን ከለከለህ? ሌላ ወረቀት ጽፈህ የዛሬውን ቀን አድርግበትና ክተት። የመጋቢቱን ግን አትነካውም፤ እርሱ የመጋቢቱ አንተ ነው» አሉኝ። እኔም ተናድጄ 70 ብዬ ጻፍሁና ከተትሁ። በዚያ አካሄዳቸው ቢሰላ 62 እንኳ አይሞላም ነበር፤ ስምንቱ የኔ ቸርነት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምናልባት ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ። ይኸው ቡድን ከቀሩት 112 ጨዋታዎች 74ቱን አሸነፈ። ዓመቱን በ93 ድል ፈጸመ፥ ወደ ጥሎ ማለፉም ገባ። መስከረም 20 ቀን ከሚልዎኪ ጋር በነበረው አንድ ጨዋታ፥ የተሸነፈ በሚቀርበት ጨዋታ፥ በስምንተኛው ዙር 3 ለ 1 እየተመራን ሶቶ ኳሷን መታት። የሚልዎኪው የቀኝ ሜዳ ጠባቂ ሊይዛት ሲጐነበስ በአጠገቡ አመለጠችው፥ ሦስት ሰዎችም ገቡ፤ 4 ለ 3። ያች ኳስ ሣሩ ላይ በሌላ መንገድ ብትነጥር ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር አላደርግም። ከዚያም 106 ጊዜ ያሸነፈውን ሎስ አንጀለስን አሸነፉ፤ ሴንት ሉዊስን አራት ለባዶ ጠረጉት፤ በመጨረሻም 107 ጊዜ ካሸነፈው ከሂዩስተን ጋር ሰባት ጨዋታ ተጋጠሙ። በሰባቱም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ነው፥ ባለ ሜዳው አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም። ጥቅምት 19 ቀን ሌሊት ዋንጫው ከ95 ዓመት በኋላ ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ። ሃርፐርን የወሰደው ፊላደልፍያስ? 81 አሸንፎ 81 ተሸነፈ፤ ልክ እኩሌታው።

አሁን ኑዛዜዬ ይህ ነው። በዚያ ሳምንት መኪናውን ሊወስድ ለመጣ ሰው ሁሉ «እኔ ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ፤ በመጋቢት 90 ብዬ ጽፌአለሁ፥ አንድም ቀን ተስፋ አልቈረጥሁም» እያልሁ እነግር ነበር። ለእናቴ እንኳ ስልክ ደውዬ ነገርኋት። እርስዋም ቤዝቦል ምን እንደ ሆነ ባታውቅም «አንተማ ከልጅነትህም ታውቃለህ» አለችኝ። እባካችሁ አንድ ነገር አስተውሉልኝ፤ እየዋሸሁ አልነበረም። የግንቦቱን ወረቀት ፈጽሞ ረስቼው ነበር። የሚዋሽ ሰው እውነቱ የት እንደ ተቀመጠ ያውቃል፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር። ልቤ በአምስት ወር ውስጥ ታሪኩን ራሱ ጽፎ፥ ራሱ አንብቦ፥ ራሱ አምኖት ነበር።

ቆርቆሮው ሲከፈት አራታችንም በጠረጴዛው ዙሪያ ቆመናል። አዛውንቱ መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። 74፤ ሳቅን። 85፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። 92፤ ሴትዮዋ አማተበች። የኔ 90 ሲነበብ ደረቴን ነፋሁ። ቀጥለው አንዱን ወረቀት ዘርግተው ጥቂት ዝም አሉ፥ ከዚያም ለኔ ሰጡኝና «አንተ አንብበው» አሉኝ። የኔው እጅ ጽሑፍ ነው። «70። አሠልጣኙ ካልተባረረ ይህም አይገኝም። ግንቦት 16።» ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብሁት። የጎጃሙ ልጅ «አንተስ ከኔም ትብሳለህ! እኔ በመጋቢት የጻፍሁትን ይዤ ቆሜአለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው። ምሳውን የገዛ እርሱ ነው፤ በ19 ርቆ ነበርና። የኔ ሁለተኛ ወረቀት ግን በ23 ርቆ ነበር፤ ሕጉ የመጋቢቱን ብቻ ስለሚቈጥር ዳንሁ።

አሸናፊዋ ማን እንደ ሆነች ልብ ብላችኋል? ባለ አውቶቡሷ ሴትዮ ናት፤ በአንድ ቁጥር ብቻ ነው የሳተችው። ባለፈው ዓመት ግን በዚያው 92 ምሳ የገዛች እርስዋ ነበረች። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የሒሳብ ተማሪዎች ዛሬ ማታ በየክፍላችሁ እንድትሞክሩት እለምናችኋለሁ። አንድ ሳንቲም 162 ጊዜ ወርውሩና ስንት ጊዜ አንበሳው ወደ ላይ እንደ ወጣ ቍጠሩ። 81 ይመጣል ትላላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይመጣም። ከአሥር ሰው ሰባቱ ከ75 እስከ 87 ባለው ውስጥ ይወድቅለታል፥ ሦስቱ ግን ከዚያም ይወጣል። ሳንቲሙ ግን ያው አንድ ሳንቲም ነው፤ አልሠለጠነም፥ አልታመመም፥ አሠልጣኙም አልተባረረም። በቤዝቦል በ75ና በ87 መካከል ያለው ልዩነት የኀዘንና የደስታ ልዩነት ነው። ለ87ቱ ጋዜጦች «ወኔ» ይሉታል፤ ለ75ቱ «ስንፍና» ይሉታል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ትክክል የተናገረ ሰው አዋቂ መሆኑን ገና አናውቅም፤ በአውቶቡስ ቁጥርም ይደረሳልና።

ይህን ሁሉ በሥርዓት የመረመሩ ሰዎች አሉ። ከሁሉ የሚደነቀው የካንሳሱ ቢል ጄምስ ነው፤ በአንድ የታሸገ ምግብ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ ቁጥር ይመረምር ነበር። የመጀመሪያ ጥራዙን በ1977 እንደዚች ጋዜጣችን በገዛ እጁ አባዝቶ ነው የሸጠው። ከርሱ ግኝቶች አንዱ ይህ ነው፤ ቡድኑ ያገባውን ነጥብ በራሱ አባዛው፥ የገባበትንም እንዲሁ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍለው። 800 አግብቶ 700 የገባበት ቡድን ከ162ቱ ወደ 92 ያህል ማሸነፍ ይገባዋል። ያሸነፈው 99 ከሆነ የሰባቱን ምስጋና ለዕድል ስጥ፥ በሚመጣውም ዓመት አትመካበት። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚተነብዩትም ቢሆኑ አብዛኛው ሥራቸው የኛ አዛውንት በእርሳስ ይሠሩት የነበረው ነው፤ ካለፈው ዓመት ተነሥቶ ወደ መካከሉ መሳብ። በዚህ መንገድ የሚደነቅ ትንቢት አይገኝም። ማን ነው 85 ብሎ የሚጨበጨብለት? ግን ከዓመት ዓመት ቢደመር የሚያንሰው ስሕተት የርሳቸው ነበር፤ ምሳ ሲገዙ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ያም እንዲህ ሆነ። ከድሉ በኋላ በ2020 መጋቢት ሁላችንም ከፍ ከፍ አድርገን ጻፍን፤ እኔ 95 ብዬ ነበር። በሽታው መጣና ጨዋታው በሐምሌ ተጀመረ፤ የተጫወቱትም 60 ጊዜ ብቻ ነው፥ 26 አሸነፉ። ሜዳው ባዶ ይሆናል ብሎ የጻፈ ወረቀት በቆርቆሮው ውስጥ አልነበረም። በ2021 ቡድኑ 97 ጊዜ ተሸነፈ፤ በ2022 ክረምት ሶቶን ራሱን ለሳንዲያጎ ሰጠው፥ በዚያም ዓመት 107 ጊዜ ተሸነፈ። ከ2020 እስከ 2025 ባሉት ስድስት ዓመቶች ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት አንድም ዓመት የለም። አዛውንቱ ለ2022 የጻፉት 70 ነበር፤ የመጣው 55 ነው። ምሳውን ሲገዙ ፊታቸው አልጠቈረም። እኔ ግን «ሶቶ እንደሚሸጥ በመጋቢት ማን ያውቅ ነበር? ያ ባይሆን ኖሮ ልክ ነበሩ» ብዬ ላጽናናቸው ሞከርሁ። «ያ ባይሆን ኖሮ የሚለውን በወረቀቱ ላይ አልጻፍሁትም» አሉኝና ዳቦአቸውን ቈረሱ።

ጓደኞቼ፥ እኛ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ እንደ እናንተው እስከ እኩለ ሌሊት እየተከራከርን ስለ ፈተናው፥ ስለ ማኅበሩ፥ ስለ አገሪቱ ብዙ ተንብየናል። የዚያን ጊዜ ወዳጆቼን ዛሬ በተገናኘሁ ቁጥር ሁሉም «ብዬ ነበር» ይለኛል። ሁሉም! እኔ እንደማስታውሰው ግን እርስ በርሳችን የማይገጥም ነገር ነበር የምንለው። ማን እንደ ተሳሳተ የሚያሳይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ስለሌለ እስከ ዛሬ ማንም አልተሳሳተም፤ ስላልተሳሳተም ማንም ከዚያ ነገር አንዳች አልተማረም። ይህን ስል በእነርሱ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ የግንቦቱ ወረቀት የኔ ነውና።

ወደ አገሬ ስመለስ አዛውንቱ ቆርቆሮውን ሰጥተውኛል። እነሆ፥ ይኸው ነው፤ ሽታው አሁንም የቡና ነው። ሁለቱ ወረቀቶቼ በውስጡ ነበሩ፤ ዛሬ ጧት አውጥቼ በኪሴ ይዣቸዋለሁ፥ ማየት የሚፈልግ ካለ በኋላ ይምጣ። ክቡር ሊቀ መንበሩ በመክፈቻ ንግግራቸው «በሰኔ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባችን ይህ አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል» ብለዋል። አጨብጭባችሁላቸዋል፥ እኔም አጨብጭቤአለሁ። አዳራሹ ስንት ወንበር እንዳለው ከመግባቴ በፊት ቈጥሬአለሁ፤ 340 ነው። ወረቀትና እርሳስ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ስትወጡ በሰኔ ስንት ሰው እንደሚገኝ አንድ ቁጥር፥ አንድ ምክንያት፥ የዛሬውን ቀንና ስማችሁን ጻፉና ክተቱ። በመካከሉ ሐሳቡን የሚለውጥ ቢኖር ሁለተኛ ወረቀት አይከለከልም። ቆርቆሮው በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጣል፥ የሚከፈተውም በስብሰባው ማግሥት ነው። ምሳው በተማሪዎች ምግብ ቤት ይሁን፤ ከዚያ በላይ የሚችል ያለ አይመስለኝም።

እኔ የኔን ጽፌ ከትቻለሁ። ክቡር ሊቀ መንበር፥ እርሳሱን ለእርስዎ አቀብላለሁ።